አንድ በሬ ይዤ ከጉና ሥር እስከ ይፋግ

ከባሌ ከተገኘ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ ምራን ማልፋት ነበር። ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ከእርሻ በፊት ቅቤ እየቀቡ ያሹታል። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስንስብ፣ እጄ በቅቤ ሙልጭ ብሎ ነበርና ጫፉ አመለጠኝ፤ እሱም ወደ ኋላው ወደቀ። ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ «አንቺ ሴት፣ ዳዊት ስትደግሚ አንድ ቃል አያመልጥሽም፣ ጠፍር ስትይዢ ግን እጅሽ የሰው ነው» አለኝ። ሳቅን። በማግሥቱ የጠረበውን ቀንበር ሊሸጥ ወደ ቆላ ወረደ፤ ሲመለስ ንዳድ ይዞት ነበር። ከመኝታው አልተነሣም።

ይህን የምጽፈው ከጉና ሥር ወርደው ለማያውቁ ለሰንበቴያችን ሴቶች ነው። መንገዱን ንገሪን እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ስናገር እንባ ይቀድመኛል። ብጽፈው ይሻላል ብዬ ጀመርሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጃቸው ከብት ወዶ ትምህርት ቢጠላባቸው ዳዊቱንም ጽሕፈቱንም ለእኔ አስተማሩኝ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ቀለሙ ጥቂት ነው፣ እጄም ቶሎ ይደክማል።

ሁለት በሬ ነበረን፤ ዳልቻና ቦራ። ዳልቻን ለተገኘ ተዝካር አረድሁት፤ አገር ሁሉ በልቶ ነፍስ ይማር አለ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ብቻውን ቀረ። ቦራ የቀኝ በሬ ነው፤ በግራ ቢጠምዱት ይዞራል። የሚጣመረው የግራ በሬ ካልተገኘ ሣር የሚበላ ሥጋ ነው እንጂ በሬ አይባልም። በእኛ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ ይባባላሉ። እኔም ከተዝካሩ በኋላ ማን ይመጣልኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ውሃ ቀዱልኝ፣ እንጨት ፈለጡልኝ፣ ገብሴን ወቅተው ጎተራ ድረስ ተሸከሙልኝ። ስለ በሬው ግን አንድም ሰው አላነሣም። የካቲት ገባ፣ የሰው ማሳ መገልበጥ ጀመረ። ልጅ አልሰጠንም። ርስቱ ሳይታረስ ከከረመ የተገኘ ዘመዶች እኛ እናርሰው ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ቤቱንም መልቀቅ አለ። ይፋግ ያለው፣ እንግዳ የሚባለው ታናሽ ወንድሜ «ቦራን ይዘሽ ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው» ብሎ ላከብኝ። ልሂድና ልየው፤ ከተስማማኝ እቀራለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ተገኘ ቀንበር ሊሸጥ በሄደበት አገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። «እናንተ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?» ይላቸዋል። ማታ ሲመለስ መልሱን ያጫውተኛል። «አገርን በጎተራው አትለኪው» ይል ነበር፤ «ጎተራ የሞላበት አገር ድኻው ድኻ ሆኖ ይሞታል፤ ጎተራ የጎደለበት አገር ደግሞ የድኻ ልጅ ባለ ጥማድ ይሆናል። ልዩነቱ አንድ በሬ ያለውን ሰው ማን ያውቀዋል የሚለው ነው።» እኔም መንገድ ስነሣ ጥያቄውን ይዤ ልሄድ አሰብሁ። ከተገኘ የቀረኝ ስንቅ ያ ጥያቄ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ወጣን። አብረውኝ የሄዱት የተገኘ አክስት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ጉልበታቸውን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊነከሩ፣ ከዚያም ጣራ ገዳም ሊሳለሙ ነው። እሳቸው በአህያ፣ እኔ በእግሬ፣ ቦራ በገመድ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ሸኘን። ከታችኛው አጥር ያሉት አያ ሞላ ገመዱን ከእጄ ተቀብለው እስከ ወንዙ ድረስ ሳቡልኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወንዙ ዳር ስንደርስ የቦራን ጫንቃ በመዳፋቸው ዳሰሱና «ጫንቃው ደኅና ነው» አሉ። ሌላ ነገር የሚሉ መስሎኝ ቆምሁ። «እግዜር ያግባሽ» ብለው ተመለሱ።

እማሆይ አህያቸው ላይ ሆነው «ሰውየው የሸኙት አንቺን ነው በሬውን?» አሉኝ።

ገመዱን ሳብ አድርጌ ቀደምኋቸው። ልቤ ተቀይሞ ነበር።

ሲመሽ ደብረ ታቦር ገባን። ኮረብታው ሁሉ ድንኳን ነው፤ ሠራዊት ሰፍሮበታል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ የቀጥቃጭ መዶሻ አያርፍም። በእኛ አገር እንግዳ ሲያዩ ከየት መጣህ ይላሉ፤ እዚያ ግን የማን ነህ ይላሉ። ያደርነው ብዙነሽ ከምትባል ጠላ ሻጭ፣ የእማሆይ ዘመድ ቤት ነው። የባቄላ ንፍሮ አቀረበችልን። ቦራ ደጅ ሆኖ የድንኳን ገመድ ሲልስ አይታ ሳቀች። እኔም የተገኘን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«በሬ?» አለች። «እዚህ በሬ የሚበላ እንጂ የሚያርስ የለም። እዚህ ሰው የሚያስፈልገው ጌታ ነው። ጌታህ ሲሾም በበቅሎ ትሄዳለህ፣ ሲሻር በእግርህ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሀብታም ሆኛለሁ።»

«ስንት ጊዜስ ድኻ?» አሉ እማሆይ።

«ያንኑ ያህል ነዋ እማሆይ። እሱን ማን ይቆጥራል።»

የቅርብ ጎረቤቷ ማን እንደሆነች ብጠይቃት ስሟን አታውቅም፤ ሠራዊት ሲነሣ ጎረቤትም ይነሣል አለችኝ። ደግ አይደለችም ማለቴ አይደለም። የራሷን ቁርበት አንጥፋልኝ እሷ መሬት ላይ ተኛች። ጧት ለእማሆይ ጉልበት ማሠሪያ ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ ሰጠች። ሆኖም ደግነቷ ከእኛ ጋር አብሮ መንገድ ሲወጣ ታየኝ፤ ያ ሰፈር የሚያስቀረው ነገር የለውም።

ማክሰኞ ቁልቁለት ጀመርን። በወረድን ቁጥር ገብሱ ቀረ፣ የጤፍ ገለባ መጣ፣ የለበስሁት የበግ ጠጉር ባና ሸክም ሆነብኝ። በእኛ አገር ፀሐይ ወዳጅ ናት፤ እዚያ ግን ሰው ከፀሐይ ይሸሻል። ቦራ የቆላውን ውሃ አሽትቶ ተወው። የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ደጀ ሰላሙ ውስጥ አሳደሩንና በገዛ እጃቸው ከምንጭ ቀድተው ሲሰጡት ጠጣ። «ደጋ የለመደ ምላስ» አሉ፤ «እኔም ጉና ባደግሁ ኖሮ እንዲህ እኮራ ነበር።»

ረቡዕ ወንዛዬ ደረስን። ውሃው ከመሬት ፈልቶ ይወጣል፤ ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው። ሴቶች በጧት ወንዶች ከቀትር በኋላ ይገባሉ። እማሆይ ጉልበታቸውን ነክረው «ለኃጢአተኛ የተዘጋጀውን ውሃ አስቀድሜ ሞከርሁት» አሉ። ያስተናገዱን አያ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ጥማድ በሬ አላቸው፤ ተልባ ፍትፍት አቅርበው ስለ ቦራ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፤ እኔም በተራዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነበርሁዋ አንድ በሬ ያለኝ» አሉ። «ወገቤን ታምሜ እዚህ ውሃ ውስጥ እገባ ነበር። አንድ ሰውዬ ከአጠገቤ ተቀምጦ ያቃስታል። ውሃ ውስጥ ጌታና ሎሌ አይለይም፤ ሁሉም እንደ ተወለደ ነው። በሬዬ ግራ አጥቷል አልሁት። የእኔ ወንድ ልጅ ከመጠን ያለፈ ከብት ይጠብቃል አለኝ። ስንወጣ ልብሱን ሲለብስ አየሁት፤ ለካ የአገሩ ባለጸጋ ኖሯል።»

«ልብሱን ሲለብስ አልረሳዎም?» አሉ እማሆይ።

«ሊረሳኝ ነበር። እኔ ግን መታጠቂያውን እያቀበልሁት ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ክርስትና አንሣልኝ አልሁት። ራቁቱን ያየሁት ሰው እምቢ ሊለኝ አፈረ። አበልጅ ሆንን። አበልጅ ደግሞ የአበልጁን በሬ ብቻውን አያቆምም። ከዚያ ወዲያ ይኸው ነው።» እጃቸውን ወደ በረታቸው ዘረጉ።

ይህን ለተገኘ ብነግረው ስንቴ እየደገመ ያወራው ነበር ብዬ አሰብሁ። ከሞተ ወዲህ ደስ ያለኝን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ መንገር ያምረኛል፤ ሐዘኑም የሚያጠቃኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ ፎገራ ሜዳ ተነሣን፤ ዓርብ ርብ ወንዝ ደረስን። በእኛ አገር መሬት ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ፎገራ ግን እንደ ገበታ ተዘርግቷል፣ ከላሙ ብዛት ሣሩ አይታይም። የርብ ውሃ ጎድሎ ነበርና መሻገሩ ቀላል መሰለኝ። ቦራ ከዳሩ ጭቃ ገብቶ እስከ ሆዱ ሰጠመ። ገመዱን ስስብ ዓይኑን አዙሮ አየኝና መታገሉን ተወ። ጭቃው ውስጥ ተቀመጥሁ፤ አንገቱን አቅፌ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ለበሬው ብቻ አልነበረም።

እማሆይ ግን አህያቸው ላይ እንዳሉ የገዳም ድምፃቸውን አወጡ። ከወዲህም ከወዲያም ማዶ ሰው መጣ። ለቅጠልና ለጭራሮ የሚላክ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያደርገውን ያውቃል። ቅርንጫፍ ከሆዱ ሥር አነጠፉ፣ ጠፍር ከደረቱ አዞሩ፣ አንዲት ወፍራም ሴት ጅራቱን ይዛ «ተነሣ አንተ የደጋ ጌታ!» እያለች ትገፋለች። ወጣ። ያቺው ሴት ወደ ቤቷ ወሰደችን፤ ልብሴን አጥባ እሳት ዳር ሰቀለችው፤ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝና ውስጡ ጠፋሁ። የሱፍ ፍትፍት እየበላን ጥያቄዬን አነሣሁ።

«እዚህ በሬ አይጠየቅም፤ ላም ነው» አለችኝ። «አንድ ላም ያላት ሴት ላሟ ስትነጥፍ ወተት ከጎረቤት ትወስዳለች። የጎረቤት ስትነጥፍ ደግሞ እሷ ትሰጣለች። ወር ተራ ነው።»

«መቶ ላም ያላትስ?»

«እሷም ተራዋን ትገባለች። መቶ ላም ያላት ሴት ጭቃ ውስጥ አትገባም ያለሽ ማነው?»

ቅዳሜ ይፋግ ገባን። የወንድሜ የእንግዳ ግቢ ሰፊ ነው። ገና ከደጅ ሲያየኝ ተገኘን በስሙ እየጠራ ጮኸ፤ ዓይናችን እስኪያብጥ አለቀስን። ሚስቱ እግሬን አጠበችኝ። ልጆቹ በጀርባዬ ተንጠለጠሉ። እሑድ ቅዳሴ ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ባለ ጥማዶቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ አራሾቻቸው ከቤተልሔሙ ጀርባ። ሁለት ጋን ነው። በእኛ ደብር ሰንበቴ ባለ ብዙ ከብቱም፣ ምንም የሌለውም ከአንድ ጋን ይጠጣል፤ የእገሌ ላም ነጠፈች፣ የእገሌ በሬ አነከሰ የሚባለውም ሁሉ እዚያው ይሰማል።

ሰኞ እንግዳን ጠየቅሁት።

«የተገኘ ጥያቄ!» አለና ፈገግ አለ። «እኔንም ጠይቆኝ ነበር። አንድ በሬ ያለው ሰው እዚህ የለም አልሁት።»

«እንዴት አይኖርም?»

«ይሸጠዋላ እታለም። ሰው ሁሉ ጥማድ አለው፤ ማን ከማን ይቀናጃል? ይሸጥና ለባለ ጥማድ ያርሳል። ይኸውልሽ ጫኔ።»

ጫኔ አራሹ ነው፤ በሩ ሥር ተቀምጦ ጅራፍ ይጎነጉናል። «እውነት ነው እሜቴ» አለኝ። «ቀይ በሬ ነበረኝ። የገዛኝ ሰውዬ ጎረቤቴ ነው፤ በሬዬን በየቀኑ አየዋለሁ። ያውቀኛል መሰለኝ፣ ሲያልፍ ጆሮውን ያነሣል። ዘንድሮ ልጄም ከጎኔ ጅራፍ ይዟል።»

«ከእኔ ዘንድ ምን ጎደለብህ?» አለው እንግዳ፤ በክፋት አይደለም።

«ምንም ጌታዬ። እበላለሁ፣ እለብሳለሁ።»

ወንድሜ ደግ ሰው ነው። «ቦራን ከከብቶቼ ቀላቅዪው፤ አንቺም ልጆቼን ዳዊት እያስተማርሽ ተቀመጪ» አለኝ። እሺ ልለው አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። የሞቀ ቤት ነው፣ ልጆቹ ይወዱኛል። ጫኔ ግን ጅራፉን እየጎነጎነ ነበር። እሺ ካልሁ ከማን ጎን እንደምቀመጥ አየሁ። «ከገዳም ስመለስ እነግርሃለሁ» አልሁት።

ማክሰኞ ከእማሆይ ጋር ጣራ ገዳም ወጣን። ጫካው ውስጥ እንደ ገባን ድምፃችን ሁሉ ዝቅ አለ። ውጭኛው በር ላይ ተሳልመን ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ አንድ መነኩሴ በሶ ሰጡን። እማሆይ እዚያው ከሴት መነኮሳት ጋር ሊከርሙ ነው። በሶውን እየጨበጡ «ዛሬ እኔ ልጠይቅሽ» አሉኝ። «በጉና ሥር አንድ በሬ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይቀናጃል።»

«አንቺስ?»

«እኔንማ ማን ጠየቀኝ። ተዝካሩን በልተው ዝም አሉኝ።»

«አንቺ ማንን ጠየቅሽ?»

ዓይኔን ወደ ጫካው መለስሁ።

«ደብረ ታቦር ጠየቅሽ፣ ወንዛዬ ጠየቅሽ፣ ጭቃ ውስጥ ወድቀሽ እንኳ ጠየቅሽ። ተገኘም እንዲሁ ነበር፤ የሰውን አገር ሁሉ ሲለካ የራሱን ጠይቆ አያውቅም። ሁለት በሬ የነበረው ሰው በምን ያውቀዋል? አንቺ ግን አሁን አንድ ነው ያለሽ።»

«እምቢ ቢሉኝስ እማሆይ?»

«እምቢ ካሉሽ ያን ጊዜ ወንድምሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። ሳይሉሽ ለምን ትሄጃለሽ?» በሶውን አጎረሱኝ። ስንለያይ ዞር ብለው አላዩኝም፤ እኔም አልጠራኋቸውም።

ተመልሼ ጎረቤቶቼን ልጠይቅ ነው ብዬ ለእንግዳ ነገርሁት። «ጎረቤቶችሽን ገና አልጠየቅሻቸውም ነበር ማለት ነው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ስንቅ አሰናድቶ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጡ የጨው ነጋዴዎች ጋር አገናኘኝ። ቦራ ብርዱ ሲሸተው እርምጃውን አፈጠነ፤ ነጋዴዎቹ እንኳ ቀስ በል እያሉ ሳቁበት። እኔ ግን ልቤ ከባድ ነበር። ስሄድ የተቀየምሁት ሰው ነበር፤ ስመለስ እምቢ ቢለኝ የምቀየመው አገሩን ሁሉ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሰፈራችን በላይ ካለው ጋራ ደረስሁ። ማሳው ሁሉ ተገልብጦ ጠቁሯል። ሁለት ማሳ ብቻ ሣሩ እንደ ነበረ ነው። አንዱ የተገኘ ነው። ሁለተኛው አጠገቡ ያለው፣ የአያ ሞላ ማሳ ነው። እዚያው ቆምሁ። አያ ሞላ ሰነፍ አይደሉም፤ በሌላው ዓመት ቀድመው የሚያርሱ እሳቸው ናቸው።

ቤቴ ሳልገባ ወደ ታችኛው አጥር ሄድሁ። ጥቁሩን በሬያቸውን ጉራቻን እያሻሹ አገኘኋቸው።

«አያ ሞላ፣ ለምን አላረሱም?»

«ደኅና ገባሽ?»

«ደኅና። ለምን አላረሱም?»

«የጉራቻው ጓደኛ አንቺ ሐዘን ላይ ሳለሽ ሞተ። ከማን ጋር ላርስ?»

«ሰው ሞልቶ የለም?»

«አለ። ከአንዱ ብቀናጅ ኖሮ አንቺ ስትመጪ ቦራ ከማን ጋር ሊውል ነው? ጓደኛ ያጣ የግራ በሬ በዚህ ሰፈር የእኔ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ወንዝ ድረስ ሸኝተውኝ፣ ጫንቃውን ዳስሰው?»

ጉራቻውን ትተው አዩኝ። «ማቅ ለብሰሽ? ሰውየው ሳይበሰብስ በሬው ላይ ዓይኑን ጣለ ልባል? እንዲህ ያለውን ነገር ባለቤቱ ያነሣዋል እንጂ ጎረቤት አያነሣውም። ሁላችንም አፍሽን ስንጠብቅ ከረምን። ሚስቴማ አትመለስም ብላኝ ነበር።»

እኔ የእነሱን አፍ፣ እነሱ የእኔን ስንጠባበቅ ወሩ ሊያልቅ ነበር። ስሄድ አገሬ ረሳኝ ብዬ ነበር፤ ያ ዝምታቸው ግን አክብሮት ኖሯል። አክብሮቱ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ርስቴን ያስወስድብኝ ነበር፤ የእሳቸውንም ማሳ እንዲሁ ጦሙን ያሳድረው ነበር።

«አያ ሞላ፣ በሬዎን ከበሬዬ ያቀናጁልኝ» አልሁ። ይህን ለማለት ይፋግ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

«ሰኞ» አሉኝ። «መጀመሪያ ያንቺን።»

እሑድ ምራኑን ከግድግዳው አወረድሁት፤ ደርቆ ነበር። ሁዳዴ ነውና ቅቤውን በእጄ ብቻ ነካሁ። ሌላውን ጫፍ የያዘችልኝ የአያ ሞላ ሚስት ናት። ሰኞ ቦራ በቀኝ፣ ጉራቻ በግራ ሆነው የተገኘን ማሳ ገለበጡት።

አሁን በእኛ ደብር አራሽ ሲሞት፣ ሰባቱ ካለፈ በኋላ ወደ ቤቱ የምሄደው እኔ ነኝ። ማቅ የለበሰች ሴት ማቅ የለበሰን ሰው ብትጠይቅ በሬው ላይ ዓይኗን ጣለች አይሏትም። ተቀምጬ አብሬያቸው አለቅሳለሁ። ከዚያ የቀረው በሬ የቀኝ ነው የግራ ብዬ እጠይቃለሁ።